ዘሟል የተባለው ወለል

ወለል ሲያነጥፉ ያረጁት አዛውንት በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ የሚታወቁት «እግረ ልክ» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ሌላው አንጣፊ ሥራውን ሲጨርስ ውሃ ልኩን አጋድሞ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል መቆሟን ያያል፤ እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአዲሱ ወለል ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። «ልክ ነው» ካሉ ልክ ነው፤ «ዘሟል» ካሉ ደግሞ ማንም ሳይከራከር መሮና መዶሻ ያነሣል። እርግጥም በሥራ ዘመናቸው ተሳስተው አያውቁም። ይሁንና ለረጅም ጊዜ ያልተሳሳተ ሰው አንድ ክፉ ልማድ ይጠናወተዋል፤ ሊሳሳት እንደሚችል ይረሳል።

ሙያቸውን የወረሰችው ሴት ልጃቸው ነበረች። እስከዚያን ጊዜ በአባቷ ጥላ ሥር ስትሠራ ኖራ፣ በገዛ ስሟ የተረከበችው የመጀመሪያ ሥራ የአንድ ጤና ጣቢያ የእንቅስቃሴ አዳራሽ ነው። የአዳራሹ ኃላፊ የሆነችው የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ሕክምና፣ ባለሙያ ገና ከጅምሩ አስጠንቅቃታለች።

«እዚህ የሚለማመዱት መቆም የሚቸግራቸው ሰዎች ናቸው፤ ወለሉ ቅንጣት ታህል እንዳይዘም። አባትሽ ይቁሙበትና ልክ ነው ይበሉኝ፤ ያን ጊዜ በሩን እከፍታለሁ። ዘሟል ካሉ ግን ይፈርሳል።»

የመጀመሪያ ሥራዋ የፈረሰባትን አንጣፊ ማን ደግሞ ይጠራታል? ልጅቱ ይህን ታውቃለች። ደግሞም፣ ለማንም ባትናገረውም፣ ከባለሙያዋ ፈቃድ ይልቅ የናፈቃት ያችው የአባቷ ቃል ነበረች።

ሥራው ባለቀ ማግሥት፣ ባለሙያዋ ገና ሳትመጣ፣ አባትና ልጅ ወደ አዳራሹ ገቡ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው የንጣፉን መጋጠሚያ በጣታቸው ዳሰሱ። ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ግን ዋጥ አደረጉት፤ ልጅ በፊቱ ሲመሰገን ይበላሻል ባይ ነበሩና። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ገጠሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወዲያው ሰውነታቸው ወደ ግራ አዘነበለ። ተንገዳግደው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዘሟል» አሉ።

«ምን?»

«ወደ ግራ ዘሟል። እግሬ ነገረኝ።»

የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ። ሮጣ ውሃ ልኩን አመጣችና አጋደመችው። «አባዬ፣ ይኸው እየው! አረፋዋ መሃል ናት።»

«ውሃ ልክሽ ተበላሽቶ ነዋ።»

«ተበላሽቶ ቢሆን ሳዞረው አረፋዋ ወደ ሌላ ወገን ትሸሽ ነበር።» አዞረችው። አረፋዋ አሁንም መሃል ናት።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! እኔ ውሃ ልክ ስይዝ አንቺ የት ነበርሽ?»

ልጅቱ አንድ ኩባያ ውሃ ቀድታ ወለሉ ላይ አፈሰሰችው። ውሃው ተንጣለለ፤ እንደ ሰሃን ክብ ሠርቶ ቀጥ አለ፤ ወደ የትም አልወረደም። አዛውንቱ አተኩረው ተመለከቱት። «ሰው ይዋሻል፣ ውሃ አይዋሽም» ብለው ያስተማሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እግራቸውም ቢሆን እስከ ዛሬ ዋሽቷቸው አያውቅም።

«እስክመለስ ማንም መዶሻ እንዳያነሣ» ብለው ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ።

ቤታቸው እንደደረሱ ትዳር ሲይዙ በእጃቸው ባነጠፉት ሳሎን መካከል ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እዚያም አዘነበሉ። ቁም ሳጥኑን ባይዙት ወድቀው ነበር። ባለቤታቸው ኳኳታውን ሰምተው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ምን እየሆንክ ነው?»

«ይሄም ዘሟል!»

«የትኛው? ስንጋባ ያነጠፍከው? የአገሩን ሰው ሁሉ እየጎተትክ ያሳየኸው?»

«መሬቱ ሰጥሞ ይሆናላ!»

ሴትዮዋ ወንበር እስኪፈልጉ ድረስ ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ፊትህን በሳሙና ስትታጠብ በአንድ እጅህ ግድግዳ እንደምትይዝ የማላይ መሰለህ? መታጠቢያ ቤቱም ሰጠመ? የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች! የልጄን ወለል ከማስፈረስህ በፊት ያን እግርህን አስመርምር።»

አዛውንቱ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው። ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ልባቸውን ሰቅዞ ያዛቸው። እግራቸው መክዳቱ ብቻ አልነበረም፤ በከዳ እግር የልጃቸውን እንጀራ ሊረግጡ መቃረባቸው ነበር።

በማግሥቱ እግራቸውን ሊያስመረምሩ ከልጃቸው ጋር ወደ አዳራሹ ሲመጡ፣ ባለሙያዋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገረቻቸው። የእግራቸውን አውራ ጣት ከግራና ከቀኝ ይዛ ቀስ ብላ አንቀሳቀሰችው።

«አባባ፣ ጣትዎ ወዴት ነው? ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች?»

«ወደ ላይ ነዋ!»

«እስቲ ይግለጡ።»

ጣቱ ወደ ታች አዘቅዝቋል። አዛውንቱ እንደ ሰው ዕቃ ተመለከቱት። «ይሄ ጣት የእኔ ነው?»

ልጅቱ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«የእርስዎ ነው» አለች ባለሙያዋ፣ እሷም ፈገግ ብላ። «በመገጣጠሚያና በጡንቻችን ውስጥ፣ እጅና እግራችን የት እንዳለ ለአንጎል የሚያደርሱ መልእክተኞች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ መልእክቱ ይደክማል፣ ይዘገያል። ዓይን ጉድለቱን ይሸፍንለታል፤ ሲጨፍኑ ግን ገመናው ይወጣል።»

«ታዲያ መላ የለውም?»

«ልምምድ ያሻሽለዋል። እንደ ወጣትነትዎ ይሆናሉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። አሁን ይቁሙ፤ በአንድ ጣት ብቻ ግድግዳውን ነካ ያድርጉ። አይደገፉ።»

ቆሙ፤ ነኩ፤ ጨፈኑ። መወዛወዛቸው ነፋስ እንዳለፈለት ሸምበቆ ረገበ። ያ ወለል ከእግራቸው ሥር ዝርግ፣ ጸጥ ያለ፣ የታመነ ሆኖ ተሰማቸው።

ሰው በዕድሜ ቢደክም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ድካሙን በሌላው ላይ ሲያላክክ ነው። አዛውንቱ ይህን ስላወቁ በሹክሹክታ አልተናገሩም። ባለሙያዋ እየሰማች፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ወለልሽ ልክ ነው። የዘመምኩት እኔ ነኝ» አሉ። ልጅቱ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም ሊወድቁ ሲሉ ባለሙያዋ ደገፈቻቸው።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። የመጀመሪያው ተለማማጅ ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ባለቤታቸውም «ብቻውን አይወድቅም» ብለው ተከትለው መጡ፤ በአንድ እግር መቆም ላይ ይበልጧቸውም ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ መሬቱ እንዴት አደረ?» ይሏቸዋል ከወዲያ ማዶ።

«ዝም በይ፣ ታስቂኛለሽ!»

አንድ ቀን ልጅቱ ሌላ ወለል ጨርሳ፣ ሲሚንቶ የነካውን ልብሷን ሳትቀይር፣ በሩ ላይ ቆማ ትመለከታቸው ነበር። አባቷ ጨፍነዋል፤ ጣታቸው ግድግዳው ላይ ነው። ቀስ ብለው ጣታቸውን አነሡ። ተወዛወዙ፤ ተመለሱ፤ ቀጥ አሉ።

«ልክ ነው!» ብለው ጮኹ።

«ወለሉ ነው ወይስ አንተ፣ አባዬ?»

ጣታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱና፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሳቁ።

«ወለሉ! እኔ ገና ነኝ።»