በሙሄዲን ካርድ የሄደው ሰው

የደሴ ኮምቦልቻ አውቶቡስ ከእንግዲህ በካርድ ብቻ ነው፣ ለሽማግሌም ግማሽ ዋጋ ነው ሲባል፣ «ቀሪውን ግማሽ ማን ይከፍለዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ በስጦታ የገባ ዕቃ ኋላ ያላስጠየቀኝ ጊዜ የለም። ካርዱን ግን ወሰድሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ተጣብቄ መውረድ አልቻልሁም።

ሙሄዲንም አብሮኝ ወሰደ። ጎረቤቴ ነው፤ ቦሩ ሜዳ አንድ ሸኽ ዘንድ ቁርኣን የቀራን እኩያዬ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። እሱ ደግሞ በዚህ ዓለም የሚጠረጥረው ነገር የለም። ካርዱን ተቀብሎ ሳመና ኪሱ ከተተው። «አብሽር ሱሌማን፣ አስታወሱን እኮ» አለኝ። ካርዱ ፎቶ የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ ሲያስጠጉት ለሌላው ሰው አንዴ፣ ለሽማግሌ ሁለቴ ጢጥ ይላል። ሁለቴ ጢጥ ባለ ቁጥር ተሳፋሪው ዞሮ ያየኛል፤ እኔም መልሼ አፈጥበታለሁ።

እኔ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነኝ። ቅሬያችን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ጀናዛ ላይ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ዋሽቶ የቀረ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤቱ አይገባም፣ እሳት አይጫርለትም፣ ሲሞትም የሚሸከመው የለም። ከዚህ የከፋ ቅጣት አላውቅም።

የሰፈራችን ሰው ሀጂ በሺር ማክሰኞ ጧት ሲቀበሩ ሙሄዲን አልነበረም። «ጉልበቴ ተነሥቶብኝ ከቤት መውጣት አቃተኝ» ብሎ ላከ። አመንሁት። ማለቴ፣ እኔ ሰው በማምነው ልክ አመንሁት።

በሳምንቱ ልጠይቀው ብሄድ ካርዱን አወጣና «ወደ ከተማ ስትወጣ ሂሳብ ሙላልኝ፣ ያለቀ መሰለኝ» አለኝ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ካርዱን ይዤ ስወጣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ከቤት ያልወጣ ሰው ካርድ በምን አለቀ?

ሂሳብ የምትሞላውን ልጅ በመስኮቱ በኩል «ይህ ካርድ የት የት እንደሄደ ይታወቃል?» አልኋት።

«ይታወቃል አባባ። የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው» አልሁ። ዋሸሁ። ለሀቅ ብዬ ነው አልሁ በልቤ።

አንዲት ቁራጭ ወረቀት አትማ ሰጠችኝ። አራት ሐሙስ ጧት ጧት ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሷል። ከዚያ ማክሰኞ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ። እኛ የሀጂ በሺርን ጀናዛ ልንሸከም ስንሰበሰብ ማለት ነው።

ሙሄዲን ካርዱ መንገዱን እንደሚይዝ አያውቅም ነበር። ኮምቦልቻ ሴት አለችው ብዬ ደመደምሁ። ካርዱን ሞልቼ፣ ምንም ሳልናገር መለስሁለትና ሐሙስን ጠበቅሁ። ባለቤቴ ቱርኪያ ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ስለምትሄድ ቤቱ ጸጥ ብሎልኝ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሙሄዲንን ደጅ ስጠብቅ ዋልሁ። በሩ አልተከፈተም። በጓሮ ወጥቷል አልሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቅሬውን ሰብስቤ ወረቀቱን አነበብሁ። ሙሄዲን ከዘራውን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ሰማኝ።

«ወላሂ ከቤት አልወጣሁም» አለ።

«ካርድህ ኮምቦልቻ ወርዷል።»

«ካርዱ ወርዶ ይሆናል። እኔ አልወረድሁም።»

«ታዲያ ማን ይዞት ወረደ?»

ቀና ብሎ አየኝና «አማና ነው፤ የሰው አደራ ነው፣ አልናገርም» አለ።

አማና ነው ብሎ የሚሸሽ ስንት ሌባ አይቻለሁ። እስኪናገር ድረስ ከቅሬ ይውጣ፣ ቤቱ የገባም አብሮት ይውጣ ብዬ ፈረድሁ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ወረቀት ስላለ ግን የሚከራከረኝ አልተገኘም። እያነከሰ ብቻውን ወጣ። ሌላ ቀን ክንዱን የምይዘው እኔ ነበርሁ።

ቅዳሜ ጧት ቱርኪያ ፔርሙዝ ሙሉ አጥሚት ይዛ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ስትወጣ ደረስሁባት።

«ወዴት ነው?»

«ሙሄዲን ዘንድ።»

«የፈረድሁትን አልሰማሽም? እሱ ቤት የገባ አብሮ ይወጣል።»

«ሰምቻለሁ። መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ።» ፔርሙዙን አስቀመጠችው። «በካርዱ ኮምቦልቻ የወረድሁት እኔ ነኝ።»

ሰውን ሁሉ ስጠረጥር እሷን ብቻ ጠርጥሬ አላውቅም። «ሐሙስ ዱዓ ነው የምትሄጂው» አልኋት እንደ ሞኝ።

«ዊዳድ ዘንድ ነው የምሄደው።»

ዊዳድ ልጃችን ናት። ያላመንሁበትን የደጋን ከተማ ሹፌር ካላገባሁ ብላ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ስሟ ቤቴ ውስጥ እንዳይጠራ ብዬ ነበር።

«እርግዝናው ከብዷት ነበር። አንተ አሥር ብር ስትሰጠኝ ምን ልትገዢ ነው ትላለህ፤ በምን ልሂድ? ሙሄዲን ደጅ ላይ ሳለቅስ አየኝና ካርዱን ሰጠኝ። ላንተ እንዳይነግር አስምዬዋለሁ። ማክሰኞ ምጥ ያዛት። አንተ ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ ጋር ናት ስትል እኔ ሀኪም ቤት በር ላይ ነበርሁ። ሴት ልጅ ወለደች።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው፤ አልዋሽም። በቤቴ፣ በገዛ ጎረቤቴ፣ ይህን ያህል ጊዜ። አፌን ልከፍት ስል ግን ትናንት ቀና ብሎ ያየኝ ዓይን ታወሰኝ። አንዲት ቃል ቢናገር ይድን ነበር። የሚፈርሰው የኔ ቤት ስለሆነ ቀባሪ አልባ መሆንን መረጠ። አፈርሁ። ቁጭ አልሁ።

«ለቅሬው ልናገር?» አልኋት። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ፈቃድ ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

«ተናገር» አለች። «ለምን እንደተደበቅሁም ጨምረህ ተናገር።»

አጥሚቱን ራሴ ይዤ ሄድሁ። ሙሄዲን ደጃፉ ላይ እጁን ዘርግቶ አገደኝ። «አትግባ፤ ፍርድህ ነው» አለኝ።

«አፉ በለኝ፣ በድዬሃለሁ» አልሁት።

«ነገረችህ?» አለ። እጁን አወረደና «ሕፃኗን አየሃት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላየኋትም።»

የቀትሩ ሶላት ዙሁር ተሰግዶ እንዳበቃ ቅሬውን እንደገና ሰበሰብሁ። ሙሄዲንን ክንዱን ይዤ አስገባሁትና፣ የፈረድሁት በሐሰት ነው፣ ሰውየው ከቤቱ አልወጣም አልሁ። የቅሬው ጸሐፊ ሀፊዝ መዝገቡን ገልጦ «ካርዱን ታዲያ ማን ይዞት ነበር?» አለኝ።

«ባለቤቴ። ልጃችን ኮምቦልቻ ወልዳ።»

«አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን ማረልህ» አለ ሀፊዝ። ግራ ገብቶታል። «ይህ ምን ነውር አለውና ተደበቀች?»

ሙሄዲንን አየሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ ተወው እያለኝ ነው። ያን ጊዜም ሊያድነኝ ይፈልግ ነበር።

«እኔን ፈርታ» አልሁ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሙሄዲን በሚያመው ጉልበቱ ተነሥቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።