አርባ አንድ የተመታበት ማፍሰሻ

አያቴን የጎተራው ቆጥ ላይ እንዳይወጣ ለምኜው ነበር። ወጣ። ሲወርድ ዝገት የበላው ብረት ይዟል፤ እንደ ጉጠት ሁለት እጀታ አለው፣ አፉ ሲገጥም ደግሞ መሐሉ ላይ ለክብ አረር የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ ይተዋል።

“የአባቴ የአረር ማፍሰሻ ነው” አለ።

የአባቱ ጠመንጃ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ የኖረው አረር አጥቶ ነው። የተራራችን አንጥረኛ በእጁ ስለሠራው የሱቅ አረር አይስማማውም፤ አንዱ ይጠብቀዋል፣ ሌላው ውስጡ ይንቀዋለላል። አብሮት የተሠራው ማፍሰሻ ደግሞ አያቴ ልጅ ሳለ ጠፋ። አሁን ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ በሚመጣው ዓመት ዒላማ እንደማያይ ነግሮታል። አሸናፊዎቹ የታረደውን በሬ የሚካፈሉበት የተኩስ ውድድር ቅዳሜ ነው። ዓይኑ ከመጨለሙ በፊት አንድ ጊዜ በአባቱ ጠመንጃ መተኮስ ይፈልጋል። እኔም እፈልግለታለሁ። ብረቱን ተቀብዬ ያገላበጥኩት ለዚህ ነው።

እጀታው ላይ 41 ተመትቷል።

“ይሄን ጠመንጃ ምን ብለን ነው የምንጠራው?” አለኝ።

“አርባ አንድ። የአፈሙዙ ስፋት የኢንች አርባ አንድ መቶኛ ስለሆነ።”

“እንግዲህ።”

“አባባ፣ ድሮ ማፍሰሻ ላይ የሚመቱት የአፈሙዙን ስፋት አይደለም። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት አረር እንደሚወጣ ነው። አርባ አንድ ብቻ ከወጣ አረሩ ትልቅ ነው፤ ግማሽ ኢንች ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።”

“ዩኒቨርሲቲ ይሄንን ነው ያስተማሩሽ?”

“ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ አፈር ነው። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።”

“እንግዲያው ያኔ ተሳስቻለሁ።”

ካሊፐር የሚባለውን የስፋት መለኪያ አምጥቼ ጎድጓዳውን ለካሁት። የኢንች አርባ ስምንት መቶኛ። በባትሪ የሚሠራ ነገር አላምንም አለኝ።

ግቢ ውስጥ እሳት አነደድን። ብረቱን መጀመሪያ እናሙቀው አልኩት። አባቴ አያሞቅም ነበር አለኝ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አረሮች እንደ ዘቢብ ተጨማደው ወጡ፤ እርሳሱ መጥፎ ነው አለ። ወደ ቤት ገብቶ ውሃ ሲጠጣ ማፍሰሻውን አሞቅኩት፣ ውስጡንም በጥድ ጭስ ጥላሸት ቀባሁት። ቀጥሎ የወጣው አረር ድቡልቡልና የሚያብረቀርቅ ነበር።

“አየሽ” አለ ተመልሶ።

አረሩን አፈሙዙ ላይ አስቀመጠው። ጠርሙስ አፍ ላይ እንደተቀመጠ እንቁላል ቁጭ አለ። በአውራ ጣቱ ተጫነው።

“ጨርቁ ወፍሮበት ነው።”

“አረሩን ገና በጨርቅ አልጠቀለልነውም።”

“መዶሻው የታለ?”

መዶሻው ላይ ተቀምጫለሁ። አልተነሳሁም።

“አባባ፣ እዚህ ተራራ ላይ እንዲህ የሚያህል አረር የሚበላ ጠመንጃ የማን ነው?”

ማን እንደሆነ ያውቃል። የጎረቤቶቻችን የእነ ስታይልስ ነው። ድሮ ከበሬው ተኩስ በፊት ሁለቱ ቤቶች በአንድ እሳት እርሳስ ያፈስሱ ነበር፤ ማፍሰሻቸውን የሠራው ያው አንጥረኛ ስለሆነ ከቁጥሩ በስተቀር አይለያዩም። ከዚያ የኛ ጠፋ፤ ስታይልሶች ሰረቁን ተባለ፤ እሳቱም ሁለት ሆነ። ስታይልሶች ምን ብለው እንደሆነ የጠየቀ የለም።

“ተቀያይሯል አባባ። ሌላ ነገር የለውም። ወስደን እንጠይቃቸው።”

“የእነሱን ደጅ ከምረግጥ ዓይኔ ይጥፋ።”

“እሱማ እየጠፋ ነው” አልኩት።

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬው አላውቅም። ኮፍያውን አነሳ።

ዴልፊያ ስታይልስ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ቅርፊተ ጠንካራውን የዋልነት ፍሬ በብረት መፈልፈያ ትፈለፍላለች። ከወንበሯ አልተነሳችም።

“አንተ ሆባርት፣ መንገድ ጠፍቶህ ነው?”

ማፍሰሻውን ፊቷ አስቀመጠው። “የእናንተ ነው።”

አነሳችው፣ ቁጥሩን በጥፍሯ ዳሰሰችው። “አባቴ እስኪሞት ‘እነዚያ ሌቦች’ ሲል ኖረ።”

“የኔም።”

“እና የሰረቅነው ዕቃ የታለ ታዲያ?”

እኔ እጇን እያየሁ ነበር። “እትዬ ዴልፊያ፣ መፈልፈያሽን አንዴ ታሳዪኛለሽ?”

“ይሄንን? ይሄማ ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ የዋልነት መፈልፈያ ነው።”

ጥቁሩን የፍሬ ዝቃጭ በቀሚሴ ጠረግሁት። 73 ይላል። አፉን ስገጥመው በስንጥቁ በኩል የግቢው ብርሃን ታየኝ።

“አጣማችሁታል” አለ አያቴ።

“አንተ ብትመጣ ኖሮ ከአርባ ዓመት በፊት ቀጥ ብሎ ታገኘው ነበር። ውሰድና ሂድ። ፍሬውን በምን ልፈልፍል እንግዲህ?”

“ባለ አርባ አንዱ አለልሽ።”

የኛው ማፍሰሻ ስለተጣመመ የሚያወጣው አረር በወገቡ ዙሪያ ክንፍ አለው። ዓርብን ሙሉ ክንፉን በቢላ ስልጥ ዋልኩ፤ አያቴ አጠገቤ ሆኖ እያንዳንዱን በጣቱ እየዳሰሰ ገና ነው ይለኛል።

ቅዳሜ አያቴ ከወደቀ ግንድ ኋላ በሆዱ ተኛ፣ አፈሙዙን ግንዱ ላይ አስደገፈ። በከሰል ባጠቆረው የዒላማ ሳንቃ ላይ የመስቀል ምልክቱን በቢላ የቀረጸው ራሱ ነው፤ የሌሎቹን ሁለት እጥፍ አድርጎ፣ እንዲታየው። ብዙ ቆየ። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ተኮሰ።

ጭሱ እስኪገፈፍ ጠበቅን። አረሩ ሳንቃውን መትቷል፤ ከምልክቱ ግን አንድ መዳፍ ይርቃል። የበሬው ብልት ለሌሎች ነው።

“ዋልነት ቢሆን ይፈለፈል ነበር” አለች ዴልፊያ ከኋላ።

አያቴ ዓይኑን አጥብቦ ሳንቃውን አየ።

“ግራ ላይ ነው አይደል?”

“አዎ፣ ግራ ላይ።”

“አይቼዋለሁ። ጠመንጃው ምንም አልሆነ። አንቺ በአንድ ወገን አብዝተሽ ልጠሽብኝ ነው።”

የጠመንጃውን መጫኛ ዘንግ አነሳሁና የሚቀጥለውን አረር ጫንኩለት።