በሰንበት የተሰጣ ሸሚዝ

የዱኑን ድንጋይ ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አንዱ ከእግሬ ሥር ተንከባለለና ቁርጭምጭሚቴን ሰበረው። ዱን የምንለው ያንን የጥንት የድንጋይ ምሽግ ነው፤ ማን እንደካበው የሚያውቅ የለም፣ በጎቻችንን በምናሰማራባት ትንሽ ደሴት ላይ ፈርሶ ተቀምጧል። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ይኬዳል፤ ሲመለስ መውጫ የለም። የጠፋች በግ ፍለጋ ሄጄ ባሕሩ ተመለሰብኝ።

ሌሊቱን በግንቡ ውፍረት ውስጥ ባለችው ጠባብ ክፍል ከበጊቱ ጋር ተጠጋግቼ አሳለፍኩ። ክፍሏን የሠሯት ሰዎች ጠላት ፈርተው ነው ይባላል። እኔ የፈራሁት የሚፈልገኝ ሰው አለመኖሩን ነው። ሚስቴ ሞታለች። ልጄ ካትሪና ግላስጎው ከተማ ናት፤ "ቤቱን ዘግተህ ና" ማለት ከጀመረች ከርማለች። በመንደራችን ጭስ የሚወጣው ከሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ከእኔና ባሕሩ በመሃላችን ገብቶ ከሚለየን ከማዶዋ ጎረቤቴ ከኦይሪክ። ኦይሪክ ደግሞ ከሰላምታ አልፋ ተናግራኝ አታውቅም።

እሑድ ጠዋት እየተሳብኩ ወጥቼ ነጭ ሸሚዜን ግንቡ ላይ አሰጣሁት። ከባሕሩ ወዲያ ኦይሪክ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ቤቷ በር ላይ ብቅ አለች። ጮህኩ፤ ንፋሱ ድምፄን ወደ ባሕር ወሰደው። ሸሚዙን ግን ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ገባችና መጋረጃዋን ጋረደች።

ወዲያው ገባኝ። እኛ ዘንድ በሰንበት ልብስ አይሰጣም፤ ረስቶ የተወ ቢኖር እንኳ ጎረቤት እንዳላየ ይሆንለታል። እኔም ብሆን እጋርድ ነበር። ተናደድኩ፣ ሳቄም መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ባሕሩ ሸሸ፣ ተመለሰ፤ ማንም አልመጣም።

ሰኞ ማለዳ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በእርጥቡ አሸዋ ስትመጣ ስድቧ ቀድሟት ደረሰ።

"አንተ ቶርሞድ! በስተርጅና በሰንበት ልብስ ታሰጣለህ?"

"እግሬ ተሰብሮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ድረሱልኝ ማለቴ ነው!"

ክው አለች። "እኔ እኮ ረጥቦብህ አስጥተኸው የረሳኸው መስሎኝ... እንዳታፍር ብዬ ነው የጋረድኩት።"

"ወንጌሉ ጉድጓድ የገባ በግ በሰንበትም ይወጣል ይል የለ?"

"የሚለው ስለ በግ ነው። ስለ ግትር ሽማግሌ ምንም አላለም።" ሻሿን ፈትታ እግሬን አሰረችልኝ።

"ታዲያ ዛሬ ምን አመጣሽ?"

"ትናንት ቶሎ ጋርጄ ቤትህን አላየሁም፤ ዛሬ መጋረጃውን ስገልጥ ቤትህ አይጨስም። ሚስትህ ከሞተች ወዲህ ጭስህን ሳላይ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።" ይህን ስትል ከእግሬ ላይ ቀና አላለችም።

ለካትሪና አልመጣም አልኳት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ከረግረጉ ቆርጠን የምናደርቀውን የማገዶ አፈር እሳቱ ላይ ጨምሬ ደጅ መውጣት ጀመርኩ። የኦይሪክን ጭስ ሳላይ ሻዬን አልቀምስም ነበር።

ክረምቱ ሳያልቅ አንድ እሑድ ጭሷ ቀረ። ሰንበት ነው አላልኩም፤ ባሕሩ እስኪሸሽም አልጠበቅኩም፣ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ገብቼ ሄድኩ። ሌሊት በእንቅልፏ ሕይወቷ አልፎ ኖሯል።

አሁን በመንደሩ የሚጨሰው የእኔ ቤት ብቻ ነው። ዛሬም በማለዳ እሳቴን አነዳለሁ፣ ሻዬን ቀድቼ ደጅ እቆማለሁ። ሻዩ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል።