የኋላ ማርሽ

«አንተ እኮ ከመኪና ኋላ ቆመህ ‹ና ና ና› ለማለት የተፈጠርክ ሰው ነህ!»

ይህን ያለኝ የእህቴ ባል ነው። እሑድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሰዓቱን የማውቀው፣ ዓይኔን የማሳርፍበት ቢጠፋኝ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ስለነበር ነው። አምስት እንግዶች ሳቁ። እህቴም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። የእሷን እስካሁን አልረሳሁላትም።

ረዳት መሆኔ እውነት ነው። በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የጭነት መኪና ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጆንያ እጭናለሁ፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲመጣ ቆሜ «ና ና ና» እላለሁ፤ ሲበቃው ጎኑን በመዳፌ ሁለቴ እመታለሁ። ሾፌሩ ጡረታ ሊወጣ ሲል አለቃዬ ጠራኝና «እስከ ወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ካመጣህ ቁልፉ ያንተ ነው፤ አለዚያ ከውጭ እቀጥራለሁ» አለኝ።

አማቼ ደግሞ የሚሠራው እዚያው ፈተናው የሚሰጥበት መሥሪያ ቤት፣ ማህደር ክፍል ውስጥ ነው። ያን ቀን ስቆ ሲጨርስ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «ግዴለም፣ ለፈታኙ ልናገርልህ?» አለኝ።

«እንዳትሞክራት!» አልኩት።

ከተናገረልኝ ዕድሜ ልኬን በየግብዣው «መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁለት እኔ ነኝ» ሊል ነው። እኔ የፈለግሁት የራሴ ላብ እንዲሆን ነው። እምቢ ስለው ፈገግ አለ። ፈገግታው አላማረኝም። እንዲያውም ሊያስጥለኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

የፈተናው ዕለት ሦስት ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ ገባን። አንዱ ሲነዳ ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ያያሉ። ፈታኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ዝምተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ የነዳውን ልብስ ሰፊ «ወንድሜ» አለው። ቀጥላ የነዳችውን ነርስ «እህቴ» አላት። የእኔን ወረቀት ሲያነሳ ግን አየኝ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አየኝና «ያንተ ተራ ነው» ብቻ አለ። እኔ ወንድሙ አይደለሁማ!

ነርሷ ቦታ ስንቀያየር መፍራቴን አይታ «ጋሼ፣ አየር በአፍንጫዎ ይሳቡ፣ እስከ አራት ይቁጠሩ፣ ቀስ ብለው በአፍዎ ያውጡ» አለችኝ። የራሷ አልቆላት ሳለ የእኔ ምን አስጨነቃት? ቢሆንም ሰርቄ ቆጠርኩ። ትንሽ በረድ አለልኝ። አላመሰገንኳትም።

ቀበቶ አሰርኩ፣ ስፖኪዮ አስተካከልኩ። ሞተር እንኳ ሳላስነሳ ፈታኙ ይጽፋል። ምን አይቶ ነው የሚጽፈው? ፍሪሲዮን ላይ ያለው ግራ እግሬ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። እንደምንም አደባባዩን በሰላም ዞርኩ።

«መስኮቱን ትንሽ ክፈተው፣ ሙቀቱ አልተቻለም» አለ።

አሃ! እጄን ከመሪው ሊያስለቅቀኝ ነው። ፍሬቻ አበራሁ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ እንደገና ፍሬቻ አብርቼ ወጣሁ።

«ጋሼ ለመስኮት እንዲህ ከሆኑ፣ ለበሩማ ስብሰባ ሊጠሩ ነው!» አለ ልብስ ሰፊው።

ፈታኙ አልሳቀም። ጻፈ።

በመጨረሻ በተተከሉት እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ ግባ ተባልኩ። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ሰውነቴ ደረቀ። ከውጭ ስንት ሺህ ጊዜ ያየሁትን ነገር ከውስጥ ሆኜ ገና አልለመድኩትም። ስፖኪዮው ላይ አፈጠጥኩ። ከኋላ ሌላ እኔ የቆመ መሰለኝና ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«ና... ና... ወደ ግራ ስበር... ና ና... አቅና... ና...»

እጄን በመስኮቱ አውጥቼ በሩን በመዳፌ ሁለቴ መታሁት። «በቃ!» እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ልክክ ብሎ ገብቷል። ነርሷ ሳቋን ለቀቀችው። እግሬን ባየው ጸጥ ብሏል።

ፈታኙ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ረዳት ነበርክ?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«አልፈሃል» ብሎ ፈረመልኝ።

ከመኪናው እስከ ግቢው በር ድረስ፣ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ማንንም ሳልጠረጥር ሄድኩ።

በሩ ላይ አማቼ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። «አለፍክ አይደል? እኔ እያለሁማ! ጠዋት ገና ለሰውዬው ሹክ ብዬልሃለሁ።»

ዞሬ ፈታኙን አየሁት። ቀጣዮቹን ሦስት ሰዎች እየጠራ ነው። ረዳት መሆኔን ከአፌ ነው የሰማው ወይስ ከዚህ ሰውዬ? ሄጄ ብጠይቀው «ማንም አልነገረኝም» ቢለኝ አላምነውም። «አዎ፣ ነግሮኛል» ቢለኝ ግን አምነዋለሁ።

«ምነው ተዘጋህ? ‹እግዜር ይስጥልኝ› እንኳ አይባልም?» አለ አማቼ።

የተፈረመበትን ወረቀት አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩና በጎኑ አልፌ ወጣሁ።