ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የማይጮህ ነገር ይሠራል ብትሉት በጄ አይልም። ፍሪጁ ዝም ካለ በጥፊ ይለዋል። የግድግዳውን ሰዓት እንኳ ጆሮውን ለጥፎ ካላዳመጠ አያምነውም። ልጁ ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ሲያጓራ የሚውለውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሯ አውጥታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ትንፍሽ የማይል አዲስ ዲስክ ገጠመችበት።

ወዳ አይደለም። ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት የሚሰጥ የሥራ ፈተና አለባት፤ ሥራ አጥታ ቤት ከዋለች ወዲህ የመጣላት የመጀመሪያ ጥሪ ነው። አሮጌው ዲስክ ደግሞ እስኪነሳ ድረስ ሰው ያረጃል። ስለዚህ አዲሱን ሲስተም ከፍላሽ ላይ መጫን ጀመረችና ምሳ ልታሞቅ ወደ ኩሽና ገባች።

ስትመለስ ስክሪኑ ጨልሟል።

«አባባ! ነካኸው እንዴ?»

«ሞቶ አገኘሁት፤ ቁልፉን ተጫንኩለት» አለ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

«እየሠራ ነበር እኮ!»

«ሳይጮህ?»

እንደገና ከሀ ጀመረች። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ስትገባ ያው ነው። ልጣላው ብትል አንጀቷ አልቻለም፤ ዓይኑ ደክሞ መኪናውን ከሸጠ ወዲህ የሚጠግነው አጥቶ ከክፍል ክፍል ሲንጎራደድ ነው የሚውለው። አሁን ደግሞ መጫኑን ዳግም አስጀምራ ለፈተናው የኢንተርኔት ካርድ ልትገዛ መውጣቷ ነው። እንዳይነካው አስማለችው። «እሺ» አለ፤ እጁ ግን እሺ ያለ አይመስልም።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። አባቷ የጭነት መኪናዋን ለመጨረሻ ጊዜ ሲነዳት አጠገቡ ተቀምጣ የሞተሩን ድምፅ በስልኳ ቀድታ ነበር። እንዲደጋገም አድርጋ ከፈተችው፤ ድምፁን ቀንሳም ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሸጎጠችው።

«ይኸው፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ!»

አባቷ ጆሮውን አዘነበለ። ፊቱ ፈታ አለ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሂጂ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ስትመለስ ሲስተሙ ተጭኖ አልቋል፤ ስክሪኑ ስምሽን ጻፊ እያለ ይጠብቃታል። በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ቀስ ብላ እጇን ወደ ስልኩ ስትሰድ አባቷ ያዛት።

«ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ማርሽ የሚቀይር ኮምፒውተር አላየሁም።»

የምትገባበት ጠፋት። «አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

«ገና ስትከፍቺው ነው ያወቅኋት። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሁሌም ታጉረመርም ነበር።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ያንቺውስ ገባኝ፤ ዝም ብሎ ይሠራል። በይ ፈተናሽን ጀምሪ። ይቺኛዋን ግን አታጥፊያት።»

ስልኩን አንስታ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። ፈተናዋን እስክትጨርስ ድረስ ቁልፉን የነካ የለም፤ በአባቷ ኪስ ውስጥ መኪናዋ ዳገቱን ትወጣለች።