የዳገቱ ወሬ

"አይፈታም ባርሲሳ፣ ዝጎ አንድ ሆኗል" አለ ኢስማኢል፣ የመምህሩን ብስክሌት በጎኑ አጋድሞ ከፔዳሉ ብሎን ጋር እየታገለ። ባጃጅ ጠጋኝ እንጂ የብስክሌት ሰው አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ግራ ሲያዞረው ቆይቶ፣ አምስት ሰዓት ላይ በንዴት ወደ ቀኝ ቢገፋው እሺ ብሎ ተፈታ።

"የዚህ ወገን ጥርስ ለካ ግልባጭ ነው" አለ፣ አፍሮ።

መምህር መገርሳ ሳቀ። ብስክሌቱ ላይ የሚገጠመውን የባትሪ ሞተር ከአዲስ አበባ የላከችለት ልጁ ሐዊ ናት። ሐኪም ጉልበቱን አይቶ "ከእንግዲህ ዳገት በእግርህ እንዳትገፋ" ካለው ወዲህ፣ ከነቀምቴ ወደ ጉቴ እየተመላለሰ ማስተማሩ ያከተመ መስሎት ነበር። ማምሻውን ሞተሩ በሁለቱ ፔዳሎች መሀል ገብቶ ታሰረ።

በማግስቱ ማለዳ ባልደረባው ኢቢሳ እንደ ወትሮው ከከተማው መውጫ ጠበቀው።

"አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌሳ" አለው መገርሳ፣ እንደ ወንድም የማለዳ ሰላምታ ሰጥቶት።

"ናጋ፣ ደህና። እስቲ ሞተሩን አሳየኝ።"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብስክሌታቸውን ጎን ለጎን እየገፉ ያንን ዳገት ወጥተዋል። ኢቢሳ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ በመምህራን ክፍልም በቤተ ክርስቲያንም ቃል አይወጣውም። ዳገቱ ላይ ብቻ፣ መሬት መሬት እያየ ሲገፋ፣ አንደበቱ ይፈታል። ስለ እሷ የሚያወራውም እዚያ ብቻ ነው።

መገርሳ ፔዳሉን ነካ ሲያደርገው ሞተሩ ከእግሩ ሥር አንጎራጎረ። ጭጋጉ መንገዱን ስለዋጠው መሬት የነካ አልመሰለውም። ባሕር ዛፎቹ በግራና በቀኝ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይንሳፈፋሉ። ጉልበት የሚባል ነገር እንዳለውም ረሳ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ የሐዊን እናት ሊያይ ወደ አኖ የሚጋልብ መሰለው፤ ደስ አለው፣ በጣም ደስ አለው። ይህንኑ ሊናገር ወደ ጎን ዞር ቢል ማንም የለም።

የመጀመሪያው ዳገት አናት ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የብስክሌት ካቴና ኳኳታ ተሰማና ኢቢሳ ላብ በላብ ሆኖ ከጭጋጉ ወጣ።

"እንዴት ነው?"

"ሕልም ነው" አለ መገርሳ። "አንተስ ምን እያወራህ መጣህ?"

"ከማን ጋር?" ኢቢሳ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ነገ አትጠብቀኝ። እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።"

መገርሳ አሰበው። ሞተሩን ቢተው ሥራው ይቀራል፤ ይዞት ቢከንፍ ይህ ሰው ጨርሶ ዝም ማለቱ ነው። ሁለተኛው ዳገት ከፊታቸው ቆሟል።

"ብስክሌትህ ላይ ውጣ" አለ። "በግራ እጅህ ትከሻዬን ያዝ።"

"ሁለታችንን አይስብም። ባትሪውም ያልቅብሃል።"

"ይለቅ። ያዝ ብዬሃለሁ።"

ኢቢሳ እያመነታ ያዘው። ሞተሩ አቃሰተ፣ ግን ጎተታቸው። ከዳገቱ እኩሌታ በላይ ወጡ።

"ትናንት ልብሷን ለእህቷ ሰጠሁ" አለ ኢቢሳ ድንገት። "ሹራቧን ግን..."

የዳገቱ ጫፍ ቀርቦ ነበር። መገርሳ አውራ ጣቱን ወደ መሪው አዝራር ሰደደና ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ቀነሰ።