ዳጣ የላሰው ሰንጋ

ይህን ታሪክ አላምንም የሚል ካለ ከአሁኑ ይነሳና ይሂድ፤ አልቀየመውም። ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ ንጹሕ እውነት ነው። ብዋሽ የዳሞታ ተራራ ከነጭጋጉ ይጫነኝ። ብዋሽ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ የሚደርሰኝ የሥጋ መደብ ጅማት ብቻ ይሁን። ወላይታ ሶዶ ለሚኖር ሰው ከሁለተኛው የከፋ መሐላ እንደሌለ የሚያውቅ ያውቃል።

ትግሉ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ዳጣ ይሸጣል። ዳጣውን የምታዘጋጀው ሚስቱ ብሩክታይት ናት። ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ድንጋይ ላይ ስትፈጨው አስፋልቱን የሚሻገር ሰው ያስነጥሳል። ትግሉ ግን ፈጭቶ አያውቅም። የእሱ ሥራ በር ላይ ቆሞ ማውራት ነው። አላፊውን በስሙ ይጠራል፣ ስሙን ካላወቀ ስም ያወጣለታል፣ እያሳቀ ያስገባና ብልቃጥ አስይዞ ይሸኛል። በዚህ ሥራ የሚወዳደረው አልነበረም። ሰብስቤ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ሰብስቤ ልክ ፊት ለፊቱ የዳጣ ሱቅ ከፈተ። ዳጣው አይከፋም፤ ትንሽ ውሃ ይበዛዋል እንጂ። ግን ሰብስቤ ቲክቶክ አለው። ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ ቁራጭ ሥጋ ዳጣ ውስጥ ነክሮ፣ ጎርሶ «እምምም» ሲል አገር ያየዋል። ሰዉ የትግሉን በር እያለፈ ወደዚያ መሻገር ጀመረ። ይባስ ብሎ «ያ በቲክቶክ የሚወጣው ልጅ ሱቅ የቱ ነው?» ብለው የሚጠይቁት ትግሉን ራሱን ነው። እሱም እያሳየ ይሸኛቸዋል። ምን ያድርግ?

አንድ ቀን ብሩክታይት እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣችና፣

«የባሮክ አባት፣» አለችው፤ «የዳጣ ገበያ ጊፋታ ነው። ዘመን ሲለወጥ ሥጋ የማይቆርጥ ወላይታ የለም፣ ሥጋ የሚቆርጥ ሁሉ ደግሞ ዳጣ ይፈልጋል። ለዚህ ጊፋታ ከሸጥን ሸጥን። ካልሸጥን ቁልፉን ለአከራዩ መልሰን ወደ ገጠራችን፣ ወደ ተበላ እንወርዳለን። ወንድሜ ቦጋለ በቆሎውን ብቻዬን አልቻልኩትም ካለ ቆይቷል።»

ትግሉ ተበላን አይጠላም። የሚያስፈራው ቦጋለ ነው። ቦጋለ ጠዋት «እ» ብሎ ከተነሳ ማታ «በሉ» ብሎ እስኪተኛ ድረስ ሌላ ቃል አይወጣውም። ከእሱ ጋር በቆሎ መኮትኮት ለትግሉ ከነነፍሱ መቀበር ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ከትግሉ ሕይወት ወጣ። ይቀመጣል፣ ይነሳል። እስከ አስፋልቱ ሄዶ ይመለሳል። ምሳ ሲቀርብለት ቆሞ ይጎርሳል። ሰብስቤ በር ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር አንገቱ እንደ ሰጎን ይሰግጋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ልብስህ ገብቷል እንዴ?» ትለዋለች ብሩክታይት።

በመጨረሻ የእህቱን ልጅ መሲን ጠራት። መሲ ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ነው የምትማረው። የትግሉን ስልክ ተቀብላ ገጽ ከፈተችለትና እንዲህ አለችው፦

«አጎቴ፣ ስማኝ። በየቀኑ ለጥፍ። ኮሜንት የጻፈልህን ሰው አንድ ሳታስቀር መልስለት፤ ዝም የተባለ ሰው አይመለስም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልግ ቁርጥ አድርገህ ንገረው። ግዛ ከሆነ ግዛ፣ ና ከሆነ ና።»

«ይኼን ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯችሁ?» አለ ትግሉ። «ይኼንማ እኔ በር ላይ ቆሜ ስሠራው የኖርኩት ነው!»

እንዲህ ይበል እንጂ ስልኩ ፊቱ ሲቆም ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ። እንደ ቀበሌ ስብሰባ «የተከበራችሁ ተመልካቾች» ብሎ ጀመረና ላብ አጠመቀው። ቪዲዮውን ያየው እሱ ራሱ ነው፤ ደጋግሞ። ኮሜንት የጻፉለት ጥቂት ሰዎች ግን ነበሩ። ለእነሱማ መሲ እንዳለችው አንድም ሳያስቀር መለሰ። እንዴት መለሰ መሰላችሁ? ጊፋታ ሲቃረብ ሶዶ ውስጥ ሰው ከሰው ሲለያይ «ለጊፋታ ቤታችን ና» ሳይባባል አይለያይም። የስንብት ያህል ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ይለዋል፣ ተሳፋሪ ለረዳቱ ይለዋል። ትግሉም በዚያው አፉ፣ በወላይትኛ ሰላምታ ጀምሮ፣ «ሳሮ! ቤት ደህና? እናትህ ደህና ናቸው? ለጊፋታ ቤታችን ና!» እያለ ጻፈላቸው።

መሲ አየችና ሳቋ መጣ። «አጎቴ፣ ይኼ ሰው እኮ ዱባይ ነው ያለው።»

«ታዲያ ዱባይ ያለ ሰው እናት የለውም?»

አሁን ወደ ሰንጋው ልምጣ። የሰፈሩ ሰዎች ለጊፋታ በማኅበር ገዝተው የሚከፋፈሉት ሰንጋ ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረተኛው አቶ ደገፉ ናቸው፣ ሰብስቤም አባል ነው። ሰፋ ያለ ጓሮ ያለው ትግሉ ስለሆነ ሰንጋው የታሰረው ከሱቁ ጀርባ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የሚደልብ ሰንጋ ሜዳ አይሰማራም። እንደ አራስ ቤት ይቀመጥና በእጅ ይቀለባል። ብሩክታይት ስኳር ድንች ቀቅላ፣ ጨው ነስንሳ፣ በቀይ የፕላስቲክ ሳፋ ታቀርብለታለች። ሳፋውን በመዳፏ ደብ ደብ ስታደርግ ሰንጋው አንገቱን ይዘረጋል። ሳፋው ውስጥ ያለውን አያይም፣ አያሸትም። ብሩክታይትን ያምናላ።

ጊፋታ ሳምንት ሲቀረው ትግሉ በቀጥታ ስርጭት እሞክራለሁ አለ። ብርሃኑ የሚያምረው ጓሮ ነው። አረንጓዴው ዳጣ ደግሞ በቀይ ዕቃ ቢሆን ይደምቃል ብሎ አሰበ። አንድ ሙሉ ቅል ዳጣ በዚያ ቀይ ሳፋ ገለበጠ። ሳፋውን ከኋላው በርጩማ ላይ አስቀመጠ። ጀርባውን ለሰንጋው፣ ፊቱን ለስልኩ ሰጠ።

«የተከበራችሁ ተመልካቾች...»

ኮሜንት ይወርድ ጀመር። «ኋላህን!» ይላል አንዱ።

«ሳሮ! ቤት ደህና?» አለ ትግሉ ደስ ብሎት።

«በሬው! በሬው!»

«እናትህ ደህና ናቸው? ለጊፋታ ቤታችን ና!»

ሰንጋው ምላሱን አውጥቶ ከሳፋው ዳር እስከ ዳር ላሰው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቆመ። ቀጥሎ የላይኛው ከንፈሩ እስከ ዓይኑ ድረስ ተጠቀለለ። እንባው እንደ ቧንቧ ወረደ። ሰማዩን አየ፣ ከጓዳ ብቅ ያለችውን ብሩክታይትን አየ፣ ሳፋውን አየ። ከዚያ የጮኸው ጩኸት ቦዲቲ ድረስ ተሰምቶ እዚያ ያሉ ሰዎች ዝናብ መጣ ብለው ልብስ አስገብተዋል። ችካሉን ነቀለ። የልብስ ገመዱን በቀንዱ ይዞ፣ ከነብሩክታይት የእሑድ ቀሚስ፣ በሱቁ የኋላ በር ገብቶ በፊት ለፊቱ ወጣ። የሚገርመው አንድ ብልቃጥ አልሰበረም። ሰብስቤ በር ላይ ቆሞ «እምም...» ሲል በአጠገቡ አለፈ፤ ሦስተኛዋን «ም» ሳይጨርስ ሥጋው ከእጁ ወደቀ። የባጃጅ ሾፌሮች ለማንም የማይለቁትን መንገድ ለቀቁለት። ሰንጋው ቀይ ቀሚስ እያውለበለበ፣ ቀጥ ብሎ ዳሞታ ላይ ወጣና ጭጋግ ውስጥ ገባ።

ትግሉ አሁንም «ቤት ደህና?» እያለ ነው።

ቪዲዮው በአንድ ቀን ያልደረሰበት የለም። ዳጣው የት ይገኛል፣ በሬው ተገኘ ወይ፣ ቀሚሱስ? ትግሉ እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አስጠላው። አውራ ጣቱ አብጦ እንጎቻ አክሎ፣ በሌላኛው እጁ ለእያንዳንዱ ይመልሳል። ሳሮ፣ እናትህ፣ ለጊፋታ ቤታችን ና።

ሱቁ ግን ጭር እንዳለ ነው። የሩቁ ሰው ይጠይቃል እንጂ አይመጣም። የቅርቡ ሰው አኮረፈ፤ በሬ አስበርሮ ሥጋ ያስቀረውን ዳጣ ማን ይገዛል? የማኅበሩ ሰዎች ዳሞታን ቢያስሱ ያገኙት ቀሚሱን ብቻ ነው፣ ግራር ላይ ተሰቅሎ።

«ትግሉ፣» አሉ አቶ ደገፉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ሰንጋው እስከ ጊፋታ ካልተገኘ ዓመቱን ሙሉ ከአንተ ሱቅ አንድ ማንኪያ የሚገዛ የዚህ ሰፈር ሰው አይኖርም።»

«ምነው አቶ ደገፉ፣ እኔ ብላ አልኩት?»

«ሳፋውን አቅርበህለት የለ እንዴ!» አለ ሰብስቤ ከኋላ። «የተከበሩ ሰንጋ ብለህ ጋብዘኸው!»

ሰዉ ሳቀ። ብሩክታይት ሳህኖቹን በጨርቅ ትጠቀልል ጀመር።

የጊፋታ ዕለት ትግሉ ገና ሲነጋ ተነሳ። የሱቁን ቁልፍ ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ብልቃጡ ሁሉ እንደተደረደረ ነው። እሑድ ነውና ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአከራዩ ያስረክባሉ ተባብለዋል። አንዴ በር ላይ፣ አንዴ ጓሮ፣ አንዴ አስፋልት ሲል ረፋዱ ላይ አንድ ሚኒባስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ሌላ። ባጃጁ ደግሞ እንደ ንብ።

አንድ ጎረምሳ አንዲት እናትን ክንዳቸውን ይዞ ወረደ።

«ጋሽ ትግሉ! ቦልቴ ነኝ፣ ከቦዲቲ። እናትህ ደህና ናቸው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ይኸው፣ ራሳቸው ይንገሩህ ብዬ አመጣኋቸው።»

«ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ፣» አሉ እናቲቱ።

«ና ብለኸን የለ?» አለች ሌላዋ ስልኳን እያሳየች። «እኔንም!» «እኛንም!» መንገዱ ተዘጋ። የቲክቶክ ሰው ሁሉ ለካ እግር አለው!

ብሩክታይት በሩ ጋ መጥታ ደረቀች። «የባሮክ አባት፣ ስንት ሰው ነው የጠራኸው?»

«ሰላም ነው ያልኳቸው እንጂ...»

በጓሮ ሾልኮ ተበላ መግባት ይችል ነበር። እግሩም ተነስቶ ነበር። ግን እኚያን ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ቆመው አያቸው። አፉ ከእግሩ ቀደመ።

«ግቡ!» አለ። «ምን ቆማችኋል፣ ቤታችሁ ነው! ሥጋ የለንም፤ ሥጋው ዳሞታ ላይ ነው ያለው። ዳጣ ግን ሞልቷል!»

ብሩክታይት ፈገግ ሳትል ገባች። የተቀቀለ ስኳር ድንችና ቦይና፣ ጎደሬውን ማለቴ ነው፣ በዚያ ቀይ ሳፋ ዘረገፈች። ከዚያ ልማድ ሆኖባት ሳፋውን በመዳፏ መታችው። ደብ፣ ደብ፣ ደብ።

ከዳሞታ በኩል አንድ ነገር አገሳ።

እመኑኝ ብያለሁ። ሰንጋው ከስቶ፣ ጭቃ ለብሶ፣ ሰዉን እንደ ሹም ለሁለት እየከፈለ መጣ። ሳፋው ጋ ሲደርስ ስኳር ድንቹን አሸተተና ተወው። አጠገቡ ያለውን የዳጣ ብልቃጥ ፈልጎ ላሰ። እንባው ወረደ። ቆመ። ደግሞ ላሰ። ስልክ ያላነሳ እጅ አልነበረም።

«አሁን ይታረድ፣» አሉ አቶ ደገፉ።

«አይታረድም!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

«እኛስ ምን እንብላ?»

ቦልቴ ከሚኒባሱ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ነገር አወረደ፤ ሲነጋጋ ያረዱት ሙሉ ታፋ ነው። ለጊፋታ ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ የለም። የሁሉም ኮባ ሲፈታ የማኅበሩ ሰዎች ካጡት ሥጋ ይልቅ የመጣው በለጠ። ሥጋ ካለ ዳጣ ይፈለጋል። ጎረቤቱም በልቶ ገዛ፣ እንግዳውም ለቤቱ ገዝቶ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መደርደሪያው ላይ የቀረው ሰንጋው የላሰው ብልቃጥ ብቻ ነበር።

ያኔ ሰብስቤ መነጽሩን አውልቆ አስፋልቱን ተሻገረ። ቁራጭ ሥጋ ዳጣው ውስጥ ነክሮ ጎረሰ። ካሜራ በሌለበት «እምምም» አለ። ከዚያ የትግሉን እጅ ጨብጦ «በዚህስ አሸንፈኸኛል፣ ወንድሜ» አለው። ብሩክታይት ቁልፉን ከትግሉ ኪስ አውጥታ ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ትግሉም ከስንት ጊዜ በኋላ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

እንግዲህ መሐላዬ እንዳይደርስብኝ አንዲት ነገር ላርም። ሰንጋው እውነት ነው። ቀሚሱ እውነት ነው። ቦዲቲ ልብስ አስገብተዋል ያልኩትም ከራሳቸው የሰማሁት ነው። ሰብስቤ ተሻግሮ ጨበጠው ያልኩት ግን ፈጠራዬ ነው፤ ታሪኩ እንዲያምር ብዬ ነው። ሰብስቤ ከቦታው አልተነቃነቀም። በሩን ገርበብ አድርጎ በቀዳዳው ሰንጋውን ሲቀርጽ ነው የዋለው። በነጋታው የለጠፈው ቪዲዮ ከትግሉም በላይ ታየ፤ ትግሉም ከበርጩማው ተነሳ።